ጳጉሜን 7፦ አጭር ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አንባቢውን የሚይዝበትና የሚያስደንቅበት መንገድ

«ጳጉሜን 7 ቀን ጠዋት እማማ ዘነበች ቡና አፈሉ፤ ሁለት ሲኒ ካቀረቡ በኋላም ዓመቱን ሙሉ ማንም እንዲነካባቸው ያልፈቀዱትን የግድግዳ ሰዓት ቀና ብለው አዩ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ለዚህ ማብራሪያ ስል የጻፍኩት ሲሆን፣ የአንድ አጭር ሳይንሳዊ ልብ ወለድ መነሻ እንደሆነ አድርገን እንውሰደው። ቡናው፣ ሲኒው፣ ሰዓቱም ሆነ እናትየዋ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደሉም። እንግዳ የሆነችው አንዲት ቁጥር ብቻ ናት። ጳጉሜን በሦስቱ ዓመት 5፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ደግሞ 6 ቀን እንደምትሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ 7 ሆና ግን አይተናት አናውቅም። አንባቢው ቁጥሯን ሲያይ መጀመሪያ የኅትመት ስህተት ትመስለዋለች፤ ቀጥሎ ስህተት ካልሆነች ምን ልትሆን እንደምትችል ራሱን ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ ባነሣባት ቅጽበት ታሪኩ ይዞታል፤ ምክንያቱም መልሱን ፍለጋ የሚሄደው ደራሲው ስለጎተተው ሳይሆን የራሱ ጥያቄ ስለሆነበት ነው።

የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪው ዳርኮ ሱቪን እንዲህ ላለው እንግዳ ነገር «ኖቨም» የሚል ስም ሰጥቶታል፤ ቃሉ የላቲን ሲሆን ትርጉሙ «አዲስ ነገር» ማለት ነው። በዛግሬብ ተወልዶ በካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ይህ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናቱ እንዳስረዳው፣ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ከተረት የሚለየው አዲሱ ነገር በአመክንዮ ሊመረመር የሚችል በመሆኑ ነው። በተረት ዓለም ጅብ ቢናገር «በምን ጉሮሮ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ብንጠይቅም ተረቱ ይበላሻል። በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ግን ጥያቄው የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የደስታው ምንጭ ነው። ከሱቪን ብዙ ዓመታት በፊት እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለድርሰቶቹ ስብስብ በጻፈው መቅድም ላይ ወደዚሁ ሐሳብ ደርሶ ነበር፤ ደራሲው አንድ የማይሆን ነገር ብቻ አምጥቶ የቀረውን ሁሉ በተለመደው ሕይወት ሥርዓት ሊያጸናው ይገባል፣ ሁሉም ነገር ሊሆን በሚችልበት ታሪክ ውስጥ የሚያጓጓ ነገር አይኖርምና ይላል። እኔም ለእማማ ዘነበች ሮቦት ያላቆምኩላቸው፣ ቡናቸውንም በተለመደው ሥርዓት ያስፈላኋቸው ስለዚህ ነው።

ጥያቄው በአመክንዮ ይመረመራል ከተባለ እስቲ እንመርምረው። ጳጉሜን 7 ልትመጣ የምትችልባቸው ቢያንስ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ምድር ከፀሐይ ጥቂት መራቋ ነው። ፕላኔት ከፀሐይ በራቀች ቁጥር ዓመቷ ምን ያህል እንደሚረዝም በሚያሳየው በኬፕለር ሕግ ስናሰላው ዓመቱ በአንድ ቀን እንዲረዝም ምድር አሁን ባላት 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ወደ 270 ሺህ ኪሎ ሜትር መጨመር ይበቃታል፤ ይህም ከእኛ እስከ ጨረቃ ካለው 384 ሺህ ኪሎ ሜትር አማካይ ርቀት እንኳ ያንሳል። ሁለተኛው ምድር ምህዋሯን ሳትለቅ በዛቢያዋ ላይ ፈጠን ብላ መሽከርከሯ ነው፤ በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ቀን በ4 ደቂቃ ያህል ያጥርና ከዓመቱ ላይ አንድ ትርፍ ንጋት ይገኛል። ሦስተኛው ሰማዩ እንዳለ ሆኖ ቀኗን አንድ ባለሥልጣን በአዋጅ መጨመሩ ነው። ከእነዚህ ከየትኛው እንደምንነሣ ስንወስን የምንጽፈው ታሪክ ይለወጣል። የመጀመሪያው ስለ ፍርሃት ይሆናል፣ ምድርን የገፋት ምን እንደሆነና ዳግም ይገፋት እንደሆነ መጠየቃችን አይቀርምና፤ ሦስተኛው ስለ ሥልጣን ይሆናል። ሁለተኛው ደግሞ ሰዓትን ከንጋት ጀምሮ ለሚቆጥር ሕዝብ ከሁሉም የበለጠ ቅርብና የበለጠ የሚረብሽ ነው፤ ሰዓቱ በ15 ቀን ውስጥ ከፀሐይ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፣ በወር ሁለት ሰዓት፣ እያለ ይሄዳል። ይህን ስሌት ልብ ይሏል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አጭር ልብ ወለድ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በተለይ የሚመቸው በርዝመቱ ምክንያት ነው። ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1842 እንደጻፈው፣ በአንድ መቀመጫ የሚነበብ ታሪክ ሁሉም ዓረፍተ ነገሩ ለአንድ ውጤት ሊሠራ ይችላል። ለሳይንሳዊና ምናባዊ ልብ ወለድ የሚሰጠው የሁጎ ሽልማት ደንብ «አጭር ታሪክ» የሚለው ከ7,500 ቃላት በታች የሆነውን ነው። በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ ደራሲው ዓለሙን ሙሉ በሙሉ ለመተረክ ጊዜ የለውምና አንባቢው ራሱ እንዲሠራው ይተውለታል። ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የመንኮራኩሩን አሠራር፣ የአገሩን ታሪክና የጦርነቱን መነሻ ዘርዝረው ሲጨርሱ ለአንባቢው የሚሠራው ሥራ አይተርፈውም፤ ሥራ የሌለው አንባቢ ደግሞ መጽሐፉን ያስቀምጣል።

ሬይ ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተመው፣ ርእሱም ስለሚመጡ ለስላሳ ዝናቦች የሚናገረው ታሪክ በዚህ በኩል ከማውቃቸው ሁሉ የተሟላ ነው። በታሪኩ ውስጥ አንድም ሰው የለም። ያለው በካሊፎርኒያ የሚገኝ፣ ሁሉን ነገር በራሱ የሚሠራ ቤት ብቻ ነው፤ ጠዋት ሰዓቱን ይጠራል፣ ቁርስ ያዘጋጃል፣ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት እንዲሄዱ ያሳስባል፣ የሚበላው ሲጠፋ ምግቡን ያስወግዳል። ደራሲው «ሰዎቹ ሞተዋል» አይለንም። ይልቁንም ከከሰለው የቤቱ ውጪ ግድግዳ ላይ በቀለም መልክ የቀሩትን የአባት፣ የእናትና ኳስ የሚጫወቱ የሁለት ልጆች ጥላዎች ያሳየናል፤ ኳሷ አየር ላይ እንዳለች ቀርታለች። ታሪኩ የታተመው በሂሮሺማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ከተጣለ ከአምስት ዓመት በኋላ ስለነበር የጊዜው አንባቢ ጥላዎቹን ሲያይ ማብራሪያ አላስፈለገውም። የሆነውን የደመደመው አንባቢው ራሱ ስለሆነ ሐዘኑም የራሱ ይሆናል። ተነግሮን ቢሆን ኖሮ ዜና ሰምተን እንዳለፍን እናልፈው ነበር፤ ራሳችን ስንደርስበት ግን ሟቾቹን ያገኘናቸው እኛ ነን።

አንባቢን መያዝ እንዲህ ከሆነ ማስደነቅስ? ብዙ ሰው ማስደነቅ ሲባል መደበቅ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ዋናው ነገር አለመደበቅ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም የእኛው እንቆቅልሽ ከማንም በላይ ያስረዳል። «ስሄድ አግኝቻት ስመለስ አጣኋት» ሲባል የተጠየቀው ልጅ ግራ ተጋብቶ አገር ይሰጣል፤ ከዚያ መልሱ «ጤዛ» መሆኑን ሲሰማ ይናደዳል፣ ይስቃልም። የሚናደደው መልሱ ሩቅ ስለነበር አይደለም፤ መሄድና መመለስ፣ ጠዋትና ረፋድ፣ ሁሉም በጥያቄው ውስጥ ተቀምጠው ሳሉ ስላላያቸው ነው። መልሱ ከጥያቄው ጋር የማይገናኝ ቢሆን ኖሮ ልጁ «ይህማ እንቆቅልሽ አይደለም» ብሎ የሰጠውን አገር በነጠቀ ነበር። የአጭር ልብ ወለድ አንባቢም እንዲሁ ነው፤ ፍጻሜው ሕልም ሆኖ ሲገኝ፣ ወይም በመጨረሻው ገጽ ላይ ያልተነገረለት መሣሪያ ብቅ ሲል አገሩን ይነጥቃል። በትምህርት ቤት «ንግር» ብለን የተማርነው፣ ለሚመጣው ነገር አስቀድሞ ምልክት የመጣል ዘዴ፣ የዚህ ፍትሐዊነት ሌላ ስሙ ነው።

አርተር ሲ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1955 ያሳተመውን «ኮከቡ» የተሰኘ ታሪክ እንመልከት፤ ዘዴውን ለማሳየት መጨረሻውን መግለጤ ግድ ስለሆነ ያላነበበው ሰው አስቀድሞ ቢያነበው ይሻላል። ተራኪው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የሆነ ካህንና የከዋክብት ተመራማሪ ነው። ከቫቲካን 3,000 የብርሃን ዓመት ርቆ፣ ከፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ ምርምር ይመለሳል። በዚያ ኮከብ ዙሪያ ይኖር የነበረ፣ ጥበብና ውበት የሞላው ሕዝብ ፍጻሜው መቃረቡን አውቆ ቅርሱን በመጨረሻዋ ፕላኔት ላይ ቀብሮ ነበርና መርከበኞቹ አግኝተውታል። ካህኑ እምነቱ ተናውጧል፤ ለምን እንደተናወጠ ግን ሕዝቡ በመጥፋቱ ብቻ ይመስለናል። በመጨረሻዎቹ ዓረፍተ ነገሮች ፍንዳታው የደረሰበትን ዘመን አስልቶ እንደጨረሰና ብርሃኑ ምድር ላይ የታየው መቼ እንደሆነ እንረዳለን፤ ሰብአ ሰገልን የመራው፣ በቤተ ልሔም ላይ የበራው ኮከብ እርሱ ነበር።

ይህ ፍጻሜ የሚያስደነግጠው ከየትም ስላልመጣ ነው። ካህኑ፣ ቫቲካን፣ የፈነዳው ኮከብ፣ ርእሱ ራሱ፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ጀምሮ ፊታችን ነበሩ። ቅኔ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ «ኮከብ» የምትለው ቃል ኅብረ ቃል ናት። በመጀመሪያው ንባብ ሰሙን፣ ማለትም የሥነ ፈለክ ምርምሩን ብቻ እናያለን፤ መጨረሻው ሲፈታልን ወርቁ ይወጣል፣ ያን ጊዜም ተመልሰን ስናነብ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም ይዞ ቆይቶናል። ጥሩ አስደናቂ ታሪክ ሁለተኛ ጊዜ ሲነበብ የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስደንቅ ታሪክ ሰም ብቻ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

እዚህ ላይ በአማርኛ ለሚጽፍና ለሚተረጉም ሰው ልዩ የሆነ ችግር አለ። የክላርክ ታሪክ በእንግሊዝኛ የሚዘጋው «ቤተ ልሔም» በሚለው ቃል ነው፤ አንባቢው ሁሉንም የሚረዳው በመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው። በአማርኛ ግን ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ብንተረጉመው «በቤተ ልሔም ላይ ያበራ ዘንድ» ብለን ምስጢሩን ከተናገርን በኋላ ገና ግስ እንጎትታለን፤ ድንጋጤውም ይረግባል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ሰብሮ ስሙን ለብቻው መጨረሻ ላይ ማቆም ይሻላል። በሌላ በኩል ይኸው ባሕርይ ሀብት ነው። አማርኛ አድራጊውን፣ ተደራጊውን፣ ቦታውንና ጊዜውን ሁሉ ደርድሮ ምን እንደተደረገ ሳይነግረን እስከ መጨረሻው ሊያስጠብቀን ይችላል፤ ረጅም ዓረፍተ ነገራችን በራሱ ልብ አንጠልጣይ ነው። የሚያስደንቀው ነገር ድርጊት ከሆነ ቋንቋው ያግዘናል፤ ስም ከሆነ ግን ልንታገለው ነው።

ጾታን በተመለከተም እንዲሁ። ሮበርት ሃይንላይን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው አንድ ታሪኩ ውስጥ በጊዜ ጉዞና በጾታ ለውጥ ምክንያት አንድ ሰው የራሱ እናትም አባትም ሆኖ ይገኛል፤ በእንግሊዝኛ «እኔ»ም «አንተ»ም ጾታ ስለማይለዩ ጨዋታው ይቀልለታል። በአማርኛ «መጣህ» ወይም «መጣሽ» ማለት ስላለብን ገና ንግግሩ ሲጀመር ጓዳው ይገለጣል። መውጫው ግን በእጃችን ነው፤ «እርስዎ» እና «እርሳቸው» ጾታን አይለዩም፣ አንድን ሰው አንቱ እያሉ መተረክም ለማንም አንባቢ አጠራጣሪ አይሆንም። አክብሮት ምስጢር መደበቂያ ሆኖ ሊያገለግል እንደሚችል የልብ ወለድ ጸሐፊዎቻችን ሊያስቡበት ይገባል።

ድንቅ ሁልጊዜ ያልጠበቅነው ነገር መድረሱ ብቻ አይደለም፤ የጠበቅነው ደርሶ ከጠበቅነው ልክ በላይ ሆኖ ሲገኝም ነው። አይዛክ አሲሞቭ በ21 ዓመቱ ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1941 የታተመው ታሪክ ስድስት ፀሐዮች ስላሏትና በ2,049 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለምትጨልም ፕላኔት ይተርካል። ጨለማው እንደሚመጣ፣ ሕዝቡም እንደሚያብድ ቀድሞ ይነገረናል፤ እኛም ጨለማን ስንጠብቅ እንቆያለን። ሲጨልም ግን ነዋሪዎቹን የሚሰብራቸው ጨለማው ብቻ ሳይሆን አይተዋቸው የማያውቋቸው ከዋክብት በሺህዎች ሆነው መታየታቸው ነው። እኛ በየሌሊቱ የምናያቸውን፣ ረስተናቸውም የምናልፋቸውን ከዋክብት በእነርሱ ዓይን ስናይ ደንግጠን ወደ ራሳችን ሰማይ ቀና እንላለን።

ቶም ጎድዊን እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳተመው ታሪክ ደግሞ የሚያስደንቀው እምቢ በማለት ነው። ለታመሙ ሰዎች መድኃኒት በምታደርስ ትንሽ መንኮራኩር ውስጥ አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ወንድሟን ለማየት ተደብቃ ትገኛለች፤ ነዳጁ የተለካው ለአብራሪው ክብደት ብቻ ስለሆነ እርሷ ካልወጣች ሁሉም ይሞታሉ። እንዲህ ያለ ታሪክ ስናነብ በመጨረሻው ሰዓት አንድ መላ እንደሚገኝ ልማዳችን ይነግረናል። ደራሲው ራሱም ልጅቱን ለማዳን መላ ይፈልግ እንደነበር፣ አዘጋጁ ጆን ካምቤልም ጽሑፉን ደጋግሞ እንደመለሰበት ይነገራል። መላ አልተገኘም፤ ልጅቱ ትወጣለች። ታሪኩ ከታተመ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት አንባቢዎች ተከራክረውበታል፤ በተለይም ለአንድ ስህተት እንኳ ቦታ ሳይተው መንኮራኩር የሚልክ ሰው ጥፋቱን በፊዚክስ ሕግ ላይ ማላከክ አይገባውም የሚለው ክርክር እኔንም አሳምኖኛል። ሆኖም ይህ ክርክር ራሱ ታሪኩ አንባቢውን ምን ያህል እንደያዘ ያሳያል፤ ሰው በመጨረሻው ገጽ ላይ የተወውን ታሪክ ለመሟገት አይነሣም።

ምንም ያልተጠበቀ ነገር ሳይደርስ ልብ የሚሰብር ታሪክም አለ። ዳንኤል ኪይስ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመውና በማግስቱ ዓመት የሁጎ ሽልማት ያገኘው፣ «አልጀርነን» ስለምትባል አይጥና ስለ ቻርሊ የሚተርከው ታሪክ በቻርሊ የዕለት ማስታወሻ የተጻፈ ነው። ቻርሊ የአእምሮ ውስንነት ያለበት ሰው ሲሆን በቀዶ ሕክምና እጅግ ብልህ ይሆናል፤ ቀድማው ሕክምናውን ያገኘችው አይጥ ችሎታዋ እየጠፋ ሲሄድ የእርሱም መጨረሻ እንደዚያ እንደሚሆን እንረዳለን። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የታወቀ ነው፤ የሚያስጨንቀው በፊደሎቹ ላይ ሲመጣ ማየታችን ነው። በመጀመሪያ ገጾች የቃላት አጻጻፉ የተሳሳተ ነበር፣ ቀስ በቀስ ይቃናል፣ ይመጥቃል፣ ከዚያ አንድ ቀን አንድ ስህተት ተመልሳ ትታያለች። ያቺን አንዲት ስህተት ያየ አንባቢ የሚሰማውን ማንኛውም ጦርነትና ፍንዳታ አይሰጠውም። በአማርኛ ይህን ለመጻፍ የሚነሣ ሰው «ሀ»ን በ«ሐ»፣ «ሰ»ን በ«ሠ» ማለዋወጥ አይበቃውም፤ ሁላችንም የምንለዋውጣቸው ስለሆኑ እንደ ስህተት አይቆጠሩም። ካዕቡን ከራብዕ፣ ሳልሱን ከኃምስ የሚያምታታ፣ ቃላትን የሚገጣጥም ወይም የሚከፋፍል እጅ ያስፈልገዋል።

አሁን ሰዓቱን እያዩ ወደተውናቸው እናት ልመለስ። ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ከባለፈው መስከረም 1 ጀምሮም ቀኑ በ4 ደቂቃ ያህል አጥሯል እንበል። የመንደሩ ሰው በየሳምንቱ ሰዓቱን ከፀሐይ ጋር እያስተካከለ ለምዷል። እማማ ዘነበች ግን ወደ ሩቅ አገር የሄደው ልጃቸው ዓመት ሳይሞላ እንደሚመለስ ነግሯቸው፣ በዚያው ጠዋት ያስተካከለላቸውን ሰዓት እየሞሉ ከማኖር በቀር ዘንጉን አስነክተው አያውቁም። በየካቲት መጨረሻ ሰዓቱ 12 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀርና ከጎረቤቶቹ ጋር የገጠመ ይመስላል፤ ሌሊቱን ቀን እያለ እንደሚቆጥር ልብ ያለው አንባቢ ያስተውላል። በዓመቱ ማብቂያ ደግሞ ጉድለቱ ሙሉ 24 ሰዓት ይሆናል፣ ሰዓቱም ከፀሐይ ጋር በእውነት ይገጥማል፤ ንጋት እየቆጠረ የኖረው መንደር ግን አንድ ቀን ቀድሟል። እንግዲህ ልጁ በር አንኳኩቶ ቢገባ አንባቢው አገሩን ይነጥቀኛል፤ መምጣቱን የሚያበስር ነገር በታሪኩ ውስጥ አላስቀመጥኩምና። ያስቀመጥኩት ሰዓቱን፣ ሁለተኛውን ሲኒና ቁጥሯን ነው። ቁጥሯ የአገሩ ቁጥር ትመስል ነበር፤ በመንደሩ አቆጣጠር ግን ያ ጠዋት መስከረም 1 ነው፣ ጳጉሜን 7 የምትለው አንዲት እናት ብቻ ናት። ስለዚህ የመጨረሻው መስመር ላይ አደይ አበባ የያዙ ልጃገረዶች በራቸው ላይ ቆመው «አበባየሆሽ» ሲሉ፣ እርሳቸው ሁለተኛውን ሲኒ እየሞሉ ይመልሱላቸዋል፦ «ነገ ተመለሱ፣ ልጆቼ፤ ዓመቱ ገና አልሞላም።»